ማኅፀን ዝም ብሎ የሚቀበል ማሳ አይደለም

 ዛሬ የምናገረው በአደባባይ እምብዛም ስለማይነሳ፣ ነገር ግን እያንዳንዳችን ስላለፍንበት ጉዳይ ነው። እርግዝና ከመታወቁ በፊትና በታወቀ ሰሞን የማኅፀንን ውስጥ የሚሸፍኑት ሕዋሳት ምን ይሆናሉ? ምንስ ይሠራሉ? ስለ ፅንስ ስናስብ ለብዙ ዘመን የኖርንበት አሳብ ወንዱን ዘሪ፣ ሴቲቱን ማሳ ያደርጋል። በዚህ አሳብ መሠረት የሚሠራውም የሚወስነውም ዘሩ ነው፤ ማሳው ይቀበላል፣ ይሸከማል፣ ከዚህ የዘለለ ድርሻ የለውም። ከዚህም ሁለት ፍርዶች ይከተላሉ። ፅንስ ሲጨነግፍ ጥፋቱ የማሳው ነው ተብሎ ሴቲቱ ትወቀሳለች። ፅንሱ ሲቆይ ደግሞ ሆዷ ገፍቶ እስኪታይ ድረስ የሚደረግላት ነገር ያለ አይመስልም። እኔ የምሟገተው ሁለቱም ፍርዶች ስሕተት መሆናቸውን ነው። ማኅፀን ፅንሱ ከመድረሱ በፊት ይሰናዳል፣ የመጣውን ይመረምራል፣ ለሚገባው ነገር ወሰን ያበጃል፣ ለወራትም ይመግባል። ይህን ካወቅን ሴትን መውቀስ እንተዋለን፤ እንክብካቤውንም ዛሬ ከምንጀምርበት ጊዜ ቀደም አድርገን እንጀምራለን።

መጀመሪያ የአካሉን አሠራር እንይ። የማኅፀን ግድግዳ ወፍራም ጡንቻ ነው። ከጡንቻው በስተውስጥ ያለው ስስ ሽፋን በሁለት ድርብ የተሠራ ነው። ከጡንቻው ጋር የተያያዘው የታችኛው ድርብ ዘወትር በቦታው ይኖራል። የላይኛው ግን በየወሩ ያድጋል፣ ይለወጣል፣ እርግዝና ካልመጣም ተፈርፍሮ በወር አበባ ይወርዳል። በዚህ ድርብ ውስጥ ገጽታውን የሚያለብሱ ሕዋሳት፣ ወደ ውስጥ ሰርገው የገቡና ፈሳሽ የሚያመነጩ ዕጢዎች፣ በመካከላቸውም ደጋፊ ሕዋሳትና ተጠማዝዘው የሚወጡ የደም ቧንቧዎች አሉ። ከወር አበባ በኋላ ባሉት ቀናት ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ሕዋሳቱን ያራባል፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር የነበረው ሽፋንም ወደ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወፍራል። በ28 ቀን ዑደት ውስጥ በ14ኛው ቀን አካባቢ እንቁላል ሲወጣ፣ የወጣበት ስፍራ ፕሮጄስትሮን የሚባለውን ሌላ ሆርሞን ማመንጨት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ሥራው ከመብዛት ወደ መለወጥ ይሻገራል። ዕጢዎቹ ይጠማዘዛሉ፣ በስኳርና በፕሮቲን የበለጸገ ፈሳሽም ያመነጫሉ።

ትልቁን ለውጥ የሚያሳዩት እነዚያ ደጋፊ ሕዋሳት ናቸው። ቀድሞ ቀጭንና ረዘም ያሉ፣ ከሌላው የሰውነት ክፍል ደጋፊ ሕዋሳት የማይለዩ ነበሩ። ከዑደቱ 23ኛ ቀን አካባቢ ጀምሮ፣ በመጀመሪያ በደም ቧንቧዎቹ ዙሪያ፣ ክብና ትልልቅ ይሆናሉ፤ በውስጣቸው ስኳርና ስብ ያከማቻሉ፤ ወተት በማፍራት የምናውቀውን ፕሮላክቲን የተባለ ሆርሞን ራሳቸው ማመንጨት ይጀምራሉ። አንድ ሕዋስ ሙያውን እንደ መለወጥ ነው፤ ተዘግተው የነበሩ ጂኖች ተከፍተው ሌሎች ይዘጋሉ። ከሁሉ በላይ ልብ ልንለው የሚገባው ግን ይህ ለውጥ በሰው ልጅ ፅንስ ሳይኖርም የሚካሄድ መሆኑ ነው። በአይጥ ሕዋሳቱ የሚለወጡት ፅንሱ መጥቶ ከነካቸው በኋላ ነው። በሴት ልጅ ግን የእናቲቱ አካል ማንም ሳይቀሰቅሰው፣ በራሱ ሆርሞን፣ በየወሩ ይሰናዳል። ፅንስ ካልመጣና ፕሮጄስትሮን ከቀነሰ የተለወጡት ሕዋሳት ወደ ነበሩበት መመለስ ስለማይችሉ ሽፋኑ ይወርዳል። የወር አበባ የዚህ ቅድመ ዝግጅት ዋጋ ነው የሚሉ የዝግመተ ለውጥ ተመራማሪዎች አሉ። የወር አበባ የሚያዩ እንስሳትም ጥቂት ናቸው። ሰውን፣ ጎሪላና ቺምፓንዚን፣ ጭላዳ የሚመደብበትን የአፍሪካና የእስያ ጦጣዎች ወገን፣ ጥቂት የሌሊት ወፎችንና አንዳንድ ትንንሽ እንስሳትን ቢጨምር ነው። በመንዝ ጓሳ የምናያት እናት ጭላዳ በዚህ ረገድ ከበረታችን በግ ይልቅ ለሴት ልጅ ትቀርባለች።

የማኅፀን የመጀመሪያ ሥራ የሆነው ይህ ዝግጅት ጊዜ አለው። ማኅፀን በየቀኑ ፅንስ አይቀበልም፤ በዑደቱ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ብቻ ይቀበላል። መንዞች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ጓሳን ለበርካታ መቶ ዓመታት ያቆየው፣ ቄሮ የተባለው የአባቶች ሥርዓት ሣሩን ለዘለዓለም አልከለከለም፣ ለዘወትርም አልፈቀደም፤ ዘግቶ ያሳድግ፣ በተወሰነ ጊዜ ይከፍት፣ ጊዜው ሲያልፍም ይዘጋ ነበር። የማኅፀንም አከፋፈት እንዲህ ነው። ማስረጃው ደግሞ ጠንካራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ዊልኮክስ፣ ቤርድና ዋይንበርግ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ለማርገዝ ያሰቡ ሴቶችን ሽንት በየቀኑ መርምረው ያገኙትን አሳተሙ። አብዛኞቹ ፅንሶች ማኅፀን ላይ የተጣበቁት እንቁላል ከወጣ በኋላ ከ8ኛው እስከ 10ኛው ቀን ነበር። እስከ 9ኛው ቀን ከተጣበቁት ውስጥ ቀድመው የጠፉት 13 በመቶ ናቸው። በ10ኛው ቀን ከተጣበቁት 26 በመቶ፣ በ11ኛው ቀን ከተጣበቁት 52 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ከተጣበቁት ደግሞ 82 በመቶ ጠፍተዋል። የአንድና የሁለት ቀን መዘግየት ከዚህን ያህል ልዩነት ጋር ይያያዛል። ሌላው ማስረጃ ከመካንነት ሕክምና የሚመጣ ነው። የራሷ እንቁላል የማይሠራ ሴት ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን በሥርዓት ከተሰጣት ማኅፀኗ ይሰናዳል፤ ከሌላ ሴት እንቁላል የተገኘ ፅንስም ተቀብላ ልትወልድ ትችላለች። ይህ በዓለም የታወቀው ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። በሀገራችንም የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. የመንግሥትን የመጀመሪያ ከማኅፀን ውጭ የማዳቀል ማዕከል ከከፈተ ወዲህ፣ ሐኪሞች የማኅፀኑን ሽፋን ውፍረትና ሰዓት ከፅንሱ እኩል የሚያስቡበት ሙያ ደጃችን ደርሷል።

ሁለተኛው ሥራ መመገብ ነው። እዚህ ላይ የመንዝን በግ እንጥራ። አገራችን በበጓ የታወቀች ናት፤ ባናውና ዝተቱ ከበጓ ፀጉር ነው፤ የእርባታ ተመራማሪዎችም ከገበሬው ጋር ሆነው በመንዝ የማኅበረሰብ የበግ ማሻሻያ ሥራ ሠርተዋል። የበግ ግልገል በማኅፀን ውስጥ እንደ ሰው ፅንስ ግድግዳውን ቆፍሮ አይቀበርም። መጀመሪያ እንደ ክር እየረዘመ ይሄዳል፤ በ12ኛውና በ13ኛው ቀን አካባቢ ለእናቲቱ መኖሩን የሚነግር ፕሮቲን ይለቃል፤ በ16ኛው ቀን ገደማ መጣበቅ ይጀምራል። እስከዚያ ድረስ የሚኖረው ከማኅፀን ዕጢዎች በሚመነጭ ፈሳሽ ነው። በአሜሪካ ቴክሳስ ያሉ ተመራማሪዎች ይህን ለመፈተን አስበው፣ ሴት ግልገሎች ከተወለዱ ጀምሮ የፕሮጄስትሮን ዓይነት ሆርሞን ሰጥተው የማኅፀን ዕጢያቸው ሳይበቅል እንዲያድጉ አደረጉ። በጎቹ ሲያድጉ እንቁላላቸው ደህና ነበር፣ ከአውራ በግም ጋር ተገናኙ፤ ነገር ግን ፅንሳቸው ከ14ኛው ቀን አላለፈም። ከጤነኛ በጎች የተወሰደ ደህና ፅንስ ሲዛወርላቸውም ያው ሆነ። ዘሩ ጤነኛ ነው፣ ማኅፀኑም አለ፤ የጎደለው የሽፋኑ ሥራ ብቻ ነው። በሰው ላይም ግራሃም በርተንና ኤሪክ ዣኒዮ የተባሉ ሊቃውንት በእንግሊዝ ያደረጉት ምርመራ እንዲህ አሳየን። የእናት ደም በእንግዴ ልጁ ክፍተቶች በኩል በሙላት መፍሰስ የሚጀምረው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሊያልቁ ሲሉ ነው። እስከዚያ ፅንሱ በዝቅተኛ ኦክሲጅን ይኖራል፤ ከምግቡም ብዙው ከእነዚያው ዕጢዎች ይመጣል። እርግዝናዋን ገና ለማንም ያልተናገረች ሴት ልጇን በአካሏ ምስጢር መመገብ ከጀመረች ቆይታለች ማለት ነው።

ሦስተኛው ሥራ የደም ቧንቧዎችን መለወጥ ነው። በእርግዝና መጀመሪያ ላይ በማኅፀን ሽፋን ውስጥ ካሉት ነጭ የደም ሕዋሳት እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት በሌላው የሰውነት ክፍል በሽታን አጥቂ የሚባሉ ዓይነት ናቸው። እዚህ ግን ልማዳቸው ሌላ ነው። ከተለወጡት ደጋፊ ሕዋሳት ጋር እየተነጋገሩ፣ ከፅንሱ ወገን የሚመጡት ሕዋሳት እስከ የት እንደሚገቡ ይመራሉ፤ ጠባቦቹ የእናት የደም ቧንቧዎች ሰፍተው ብዙ ደም በዝግታ እንዲያፈሱም ያግዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ከእርግዝና መጀመሪያ የተገኙ 70 ሺህ ያህል ሕዋሳትን አንድ በአንድ መርምሮ ይህን ንግግር በጂን ደረጃ አሳይቷል። ይህ የቧንቧ ሥራ ሲጎድል የሚከተለውን የጤና ባለሙያዎቻችን በደንብ ያውቁታል። ከወራት በኋላ የእናት ደም ግፊት ይነሣል፣ በሽንቷ ፕሮቲን ይታያል፣ ሲብስም ያንቀጠቅጣታል፤ ልጁ ደግሞ ሳያድግ ይቀራል። ግፊቱ የሚታየው ብዙ ጊዜ ከአምስተኛው ወር በኋላ ቢሆንም መሠረቱ የተጣለው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። በኡጋንዳ ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሟ አኔቲ ናኪሙሊ ከካምብሪጅዋ አሽሊ ሞፌት ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳሳየችው፣ እነዚህ ነጭ የደም ሕዋሳት የሚይዟቸው አንዳንድ ጂኖች አፍሪካውያን እናቶችን ከዚህ በሽታ ይጠብቃሉ፤ እነዚህም ጂኖች በአውሮፓውያን ዘንድ አልተገኙም። የማኅፀናችንን ጤና ከሌላ አህጉር ጥናት ብቻ ልንማረው እንደማንችል ይህ ያስረዳል።

አራተኛው ሥራ ወሰን ማበጀት ነው። ፅንስ ደካማና ለማኝ ነው ብለን እናስብ ይሆናል፤ ማስረጃው ግን ተቃራኒውን ይላል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ኪርቢ የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ የአይጥ ፅንሶችን ወስዶ በኩላሊት ሽፋን ሥር ቢያኖራቸው፣ ፅንሶቹ ሕዋሳቱን እየሰረሰሩ ያለ ገደብ ወደ ውስጥ ገቡ። በሆርሞን ያልተሰናዳ ማኅፀን ግን ፅንሱን እምቢ ይለዋል። ስለዚህ ፅንስ በየትም መግባት የሚችል ነው፤ መግቢያውንም ልኩንም የሚወስንለት ማኅፀን ነው። ይህን በሆስፒታሎቻችንም እናየዋለን። ቀድሞ በቀዶ ሕክምና በወለደች ሴት ጠባሳ ላይ ያ የተለወጠ ሽፋን ስስ ይሆናል ወይም ይጠፋል። ቀጣዩ እንግዴ ልጅ እዚያ ላይ ቢያርፍ ወደ ጡንቻው፣ አልፎም ወደ ፊኛ ሊዘልቅ ይችላል፤ ሲወለድም አልላቀቅ ብሎ ከባድ የደም መፍሰስ ያመጣል። ቀዶ ሕክምና በሚያስፈልግበት ጊዜ ሕይወት አዳኝ ነው፤ በሀገራችንም እየተስፋፋ ሲሄድ ይህን መዘዝ አስቀድሞ በአልትራሳውንድ መፈለግ ግድ ይላል። ያን ያህል ስስ የሆነ ሽፋን ሲጎድል እናት ለሞት የምትቀርብ ከሆነ፣ ያ ሽፋን ዝም ብሎ ተቀባይ ነው ማለት አይቻልም።

አምስተኛውና በመካከላችን ብዙ ፍርድ የሚለውጠው ሥራ መመርመር ነው። የአውሮፓ ተመራማሪዎች፣ ከእነሱም መካከል ያን ብሮሰንስና ኒክ ማክሎን፣ በቤተ ሙከራ የተለወጡ የማኅፀን ሕዋሳትን ከፅንሶች ጋር አንድ ላይ አኑረው አስተዋሉ። ፅንሱ ጤነኛ ሲሆን ሕዋሳቱ ብዙም አልተለወጡም፤ ዕድገቱ የቆመ ፅንስ ሲገጥማቸው ግን ለመቀበል የሚያገለግሉ ፈሳሾችን ማመንጨት አቆሙ። ይህ ግኝት የታተመው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ሌላም ማስረጃ አለ። በሦስት ወር ውስጥ ከሚጨነግፉት ፅንሶች ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ የክሮሞሶም ቁጥራቸው የተዛባ ነው። ይህ መዛባት እንቁላልና የወንዱ ዘር ሲፈጠሩ ወይም ሲገናኙ የሚደርስ ነው፤ በአብዛኛውም በማንም ጥፋት የሚመጣ አይደለም። ከዚያም በፊት የሚጠፉ አሉ። ያው የዊልኮክስ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣው ጥናት 221 ሴቶችን ተከታትሎ 198 እርግዝናዎችን አገኘ፤ ከእነዚህ 22 በመቶው ሴቲቱም ሐኪምም ሳያውቁት አበቃ፤ ከታወቁት ጋር ሲደመር 31 በመቶ ጠፋ። ስለዚህ የሚጨነግፍ ፅንስ ብርቅ ነገር አይደለም፤ ብዙ ጊዜም ማኅፀኑ አልተሳሳተም፤ ሊኖር ያልቻለውን ለይቶ ሥራውን ሠርቷል።

አሁን በዚህ አሳብ ላይ የሚነሱትን ተቃውሞዎች በቅንነት እንመርምር። የመጀመሪያው የሳይንሱ ሰዎች ተቃውሞ ነው። በሳህን ውስጥ ያሉ ሕዋሳት የሚያደርጉትን አይቶ በእናት ማኅፀን ያለው ይህ ነው ማለት አይገባም ይላሉ። ልክ ናቸው፤ በቤተ ሙከራ ያለው ማኅፀን ደም የለውም፣ ሆርሞኑም በሰው እጅ የተለካ ነው። እኔ ግን ክርክሬን በአንድ ሙከራ ላይ አላቆምኩም። የበጎቹ ሙከራ በሕይወት ባለ እንስሳ ላይ የተደረገ ነው። የመጣበቂያ ቀኑን የለካው ጥናት የተደረገው በየቤታቸው ባሉ ሴቶች ላይ ነው። የእንቁላል ልገሳው ማስረጃ በሕይወት ያሉ ልጆች ናቸው። የቀዶ ጠባሳው ማስረጃ በየወሊድ ክፍሉ ይታያል። እነዚህ ከልዩ ልዩ መንገድ መጥተው አንድ ቦታ ላይ ሲገናኙ፣ ማኅፀን ሠራተኛ ነው የሚለው መደምደሚያ በአንዱ ጥናት መድከም አይወድቅም። ሊታረም የሚችለው ማኅፀን ምን ያህል በጥንቃቄ ይመርጣል የሚለው ዝርዝር ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመንደራችን የሚመጣ ነው። ሴቲቱ ጀሪካን ተሸክማ ዳገት ወጥታ፣ ወይም ደንግጣ፣ ወይም ምች መትቷት ሲያስወርዳት በዓይናችን አይተናል፤ ይህን እንዴት ትክዳለህ ይባላል። አልክድም፤ ነገር ግን የሁለት ነገሮች መከታተል አንዱ የሌላውን ምክንያት አያደርገውም። በመንዝ ደጋ ውኃ የማትቀዳ፣ ኩበት የማትለቅም፣ ዳገት የማትወጣ ሴት ማን ናት? ሁሉም በየቀኑ የሚሸከሙ ከሆነ፣ ያስወረዳት ሁሉ ያን ሰሞን ተሸክማ መገኘቷ አይቀርም። ክሮሞሶሙ የተዛባ ፅንስ እናቲቱ አልጋ ላይ ተኝታ ብትውልም አብዛኛውን ጊዜ አይቆምም። ይህን ስል ነፍሰ ጡር ትሸከም ማለቴ አይደለም። ሸክሟን የሚቀንስላት ባል ጤናዋን ይጠብቃል፤ ያስወረዳት ዕለት ግን «ተሸክመሽ ነው» ብሎ የሚወቅሳት ባል፣ ሸክሙን ማን እንዳሸከማት ቢጠየቅ መልስ ያጣል። ደጋግሞ የሚጨነግፍባትን ሴት ደግሞ ሾተላይ አለባት ብለን የምንለያት ልማድ አለን። ከተደጋጋሚ መጨንገፍ በስተጀርባ የስኳር ሕመም፣ የታይሮይድ ዕጢ መዛባት፣ ቂጥኝ፣ የማኅፀን ቅርጽ ችግር ወይም ደም የሚያረጋ ሕመም ሊኖር ይችላል። ልጆቿ ከመጀመሪያው በኋላ በሆድ ወይም ሲወለዱ የሚሞቱባት እናት የደም ዓይነቷ ከልጆቿ ጋር የማይስማማ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህም ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቅ መከላከያ መርፌ አለ፤ ከመጀመሪያው ልጇ ጀምሮ፣ ከወለደች በ72 ሰዓት ውስጥ ሲሰጣት ቀጣዩን ልጅ ይታደጋል። ወደ ጀማና ወንጪት ሸለቆ ሲወረድ ወባም ይጨመራል። የሚመረመር ነገር እያለ ሴቲቱን ማግለል በሽታውን ሸፍኖ ማሳደር ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከእኔው ክርክር የሚወጣ ነው። ማኅፀን ራሱ የሚሰናዳ፣ የሚመርጥ፣ የሚመግብ ከሆነ ጤና ጣቢያ መሄድ ለምን ያስፈልጋል? መልሱ ሕዋሳቱ የሚሠሩት እናቲቱ ባላት ነገር ነው የሚል ነው። ደም ያነሳት እናት ለእንግዴ ልጇ የምትልከው ኦክሲጅን ያንሳል። ፎሊክ አሲድ የተባለው ቪታሚን የጎደላት እናት ልጅ የአንጎሉና የአከርካሪው ቱቦ ሳይዘጋ ሊቀር ይችላል፤ ያ ቱቦ የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው። ልብ በሉ፤ 28 ቀን ማለት የወር አበባዋ ከቀረ ሁለት ሳምንት ገደማ ብቻ ነው። ብዙ ሴት መፅነሷን ስትጠረጥር ቱቦው ተዘግቷል ወይም ሳይዘጋ ቀርቷል። ስለዚህ በቀን 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ መውሰድ የሚያስፈልገው ከመፅነስ በፊት ነው። ለደም ግፊት የተጋለጡ እናቶች ሐኪም የሚያዝላቸው አነስተኛ አስፕሪንም ከ16ኛው ሳምንት በፊት ሲጀመር ይበልጥ ይጠቅማል፤ የቧንቧው ሥራ በዚያው ጊዜ ነውና። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው መመሪያ የመጀመሪያው ክትትል እስከ 12ኛው ሳምንት እንዲሆን፣ በጠቅላላውም ቢያንስ 8 ጊዜ እንዲሆን ይመክራል። የእኛ ቁጥር ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ሀገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክትትል የጀመሩት እናቶች 20 በመቶ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2019ኙ አነስተኛ ጥናት 28 በመቶ ደረሱ። ጭማሪው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የድካም ፍሬ ነው፤ ነገር ግን ከአራት እናቶች ሦስቱ ገደማ ዋናው ሥራ ከማለቁ በፊት አልደረሱም ማለት ነው።

አራተኛው ተቃውሞ የባህልና የእምነት ነው። እርግዝና በመጀመሪያው ሰሞን አይወራም፣ ዓይን ይበላል፣ ይሸሸጋል ይባላል። ሰጪም ነሺም እግዚአብሔር ነው፤ ሰው ምን አገባው የሚልም አለ። የመጀመሪያውን በአክብሮት እቀበላለሁ፤ ለመንደር መንገር ግዴታ አይደለም። ለጤና ኬላዋ ሠራተኛ መንገር ግን ማውራት አይደለም፤ ምስጢር መጠበቅ ሙያዋ ነው። ሁለተኛውንም አልቃወምም። አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ የሠራውን አይሽርም፤ እንዲያውም ገና ከዓይን የተሰወረ ፅንስ ይህን ያህል ዝግጅት የሚደረግለት መሆኑ ለአማኝ ሰው ተጨማሪ ምስጋና ይሆናል። ጾምን በሚመለከት ነፍሰ ጡር እናት ሕመሟንና ድካሟን ይዛ ከነፍስ አባቷ ጋር ብትመክር፣ የነፍስ አባቷም የመጀመሪያዎቹ ወራት ምን ያህል ከባድ እንደሆኑ ቢያውቁ፣ እምነትና ጤና የሚጣሉበት ምክንያት የለም። ካህናት ይህን እውቀት ቢይዙት ከማንኛውም ባለሙያ ይልቅ ቃላቸው ይሰማል።

ወደ መደምደሚያዬ ልምጣ። የማኅፀን ሽፋን ሕዋሳት ሳይነገራቸው ይሰናዳሉ፣ ጊዜ ይጠብቃሉ፣ ይመግባሉ፣ የደም ቧንቧ ያሰፋሉ፣ ወሰን ያበጃሉ፣ የመጣውን ይመረምራሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሴቲቱ እህል ትፈጫለች፣ ከብት ታግዳለች፣ ገበያ ትሄዳለች፤ አካሏ ምን እየሠራ እንደሆነ ብዙ ጊዜ አታውቅም፤ እኛም አናውቅላትም። ከዚህ የሚከተለው ግዴታ ግልጽ ነው። ለማግባት ያሰቡ ወጣቶች ከጋብቻ በፊት ለምርመራ የሚሄዱትን ያህል፣ ልጅ ለመውለድ ያሰቡ ባልና ሚስት ከመፅነሷ በፊት ወደ ጤና ጣቢያ አብረው ይሂዱ፤ የደም ማነሷ ይታይ፣ የደም ግፊቷና ስኳሯ ይለካ፣ የደም ዓይነቷ ይታወቅ፣ ፎሊክ አሲዱን ትጀምር። የወር አበባዋ የቀረባት ሴት ወሩን ሳታልፍ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትንገር። መምህራን ይህን ትምህርት ለወንዶች ተማሪዎችም እኩል ያስተምሩ፤ ነገ ወቃሽ ወይም አጋዥ የሚሆኑት እነሱ ናቸውና። ፅንስ የጨነገፈባትን ሴት ደግሞ እንደ ወለደች ሴት እናሳርፋት፣ እንመግባት፣ የሚፈሳት ደም ከበዛ ወይም ትኩሳት ካላት ሳንዘገይ ወደ ሐኪም እናድርሳት፤ አንዳችም የወቀሳ ቃል አንጨምርባት። ማሳ ነሽ ተብላ የተፈረደባት ሴት፣ ከማናችንም በፊት ለልጇ ስትሠራ የቆየች ናት። ይህን ማወቅ ብቻ ሳይሆን እንደዚህ ልናያት ግዴታችን ነው።